የብርቅነሽ በጀት

ቅዳሜ ገበያ፣ ቲማቲም ተራ ላይ፣ አንዲት ሴት ከኋላ «ሲስተር! ሲስተርዬ!» እያለች ስትጣራ አስቻለች ዘምቢሏን መሬት አስቀምጣ ዞር አለች። ድምፁን ታውቀዋለች። ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንደኛው ልጅ በእግሩ መጥቶ እናቲቱ አለቀላት ሲባል፣ መንታ ልጆቿን ከነነፍሳቸው ያዋለደቻት የቢልባላ ሴት ናት። አስቻለች ፈገግ ብላ እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት። ሴትዮዋ ግን «እንደምን ዋሉ እትዬ» ብላ በአጠገቧ አለፈችና፣ ትንሽ ራቅ ብላ ቲማቲም የምትመርጠዋን ፈረንጅ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ሲስተር ብርቅነሽ! ያ የሰጡኝ ቅባት እኮ የልጄን እከክ ጥርግ አደረገው!»

አስቻለች የዘረጋችውን እጅ ወደ ነጠላዋ መለሰችው፤ ያልወደቀውን ነጠላ እንደ ወደቀ አስመስላ አስተካከለች። ያንን ቅባት ከመድኃኒት ቤት የመረጠችው እሷ ነበረች። ፈረንጇ ዋጋውን ከፈለች እንጂ ስሙን እንኳ አታውቀውም።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለቻት ኸዲጃ ከበርበሬ ጆንያዋ ጀርባ ሆና። ኸዲጃ በርበሬና ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ሁለቱ ከተዋወቁ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

«ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐይስ አይደለም፣ እህቴዋ» አለች ኸዲጃ፤ ወደ በርበሬዋም ተመለሰች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሲስተር ማለት አስቻለች ነበረች። መጀመሪያ ሙጃ ጤና ጣቢያ፣ ኋላ ላሊበላ፣ በቃሬዛ የመጣችውን፣ በበቅሎ የመጣችውን፣ ምጥ መንገድ ላይ ጠንቶባት ድንጋይ ተንተርሳ የተገኘችውን ሁሉ ተቀብላለች። በልጅነቷ ተድራ ቶሎ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። «ላስታን ሞልተውት የለም ወይ ልጆቼ» እያለች ትስቅ ነበር። ጡረታ በወጣች በሦስተኛ ዓመቷ ግን ያ ስሟ ከላይዋ ላይ እንደ ጋቢ ተገፎ የሌላ ሴት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ቆማ አየች።

ያቺን ሴት ወደ ላሊበላ ያመጣቻት ደግሞ ራሷ አስቻለች ናት።

የፈረንጇ እውነተኛ ስም ብርጊት ነው፤ የጀርመን አገር ሴት ናት፤ እሷም አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ልትሰጥ መጥታ ተዋወቁ። ከዚያ በየበዓሉ እንኳን አደረሰሽ እየተባባሉ ኖረው፣ አንድ ቀን በአስቻለች ስልክ እንዲህ የሚል መልእክት ገባ፦ «ጡረታ ወጣሁ። ገንዘቤ እዚህ አገር የቤት ኪራይ ከፍሎ አያኖረኝም። እንደኔ ያሉ ሰዎች ኑሮ ወደሚቀልበት አገር እየሄዱ ነው። ላሊበላ ብኖር በወር ስንት ይበቃኛል?»

አስቻለች ገንዘቡ አያኖረኝም የሚለውን አላመነችም። ፈረንጅ ደግሞ ምን ያጣል? ጥያቄው ግን አስደሰታት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛችና ከተማውን በእግሯ ዞረችው፤ ጤፍ ስንት ነው፣ ዘይት ስንት ነው፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ የልብስ አጣቢ፣ የውሃ ቦቴ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነደው ከሰል።

«ስንት እንቁላል ልጻፍላት?» ብላ ኸዲጃን ጠየቀቻት።

«በቀን?»

«በሳምንት ነዋ!»

«ፈረንጅ እኮ ናት አቦ፣ በቀን ሁለት ጻፊላት። እኛ ደግሞ እንሸጥላታለን።»

በቀን ሁለት ተጻፈ። ዶሮ በሳምንት አንዴ፣ ማር በወር አንድ ኪሎ ተጻፈ። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ በአስቻለች ሐሳብ ውስጥ አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ እንቁላሏን የምትበላ፣ ልብሷን ሰው የሚያጥብላት፣ ለገበሬ ወንድም የማዳበሪያ መግዣ የማትልክ ሴት። አስቻለች ትክ ብላ ስታያት የሴትዮዋ መልክ የራሷ መልክ ሆኖ አገኘችው። ደነገጠችና ደብተሩን ዘጋች። በማግሥቱ ግን ድምሩን ላከች።

ቤት የፈለገችላትም እሷ ናት። እሷ ራሷ ከጓሮ አንዲት ክፍል በሺህ አምስት መቶ ብር ተከራይታ በምትኖርበት፣ በአከራይዋ በየሻው ግቢ፣ ፊት ለፊት ያለው ባለ በረንዳ ቤት ባዶ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከነደመናው የሚታይበት ቤት ነው። በዘጠኝ ሺህ ተስማሙ፤ ብርጊት መጣች። ሰፈሩ ስሟ አልያዝለት ብሎ ሲቸገር ኸዲጃ «ብርጊት ምን ማለት ነው? ብርቅነሽ በሏት» አለችና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቅነሽ ሆና ቀረች።

ከመጣች በኋላ የሆነውን ማን ገመተ? የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለና የብርጊት ዩሮ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአስቻለች ጡረታ ግን አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ብር ሆኖ ባለበት ቆመ፤ ዘይቱና ጤፉ ብቻ ተነሥቶ ሮጠ። የጋሸና መንገድ ሲዘጋማ ሽንኩርት እንደ ወርቅ በሚዛን ሆነ።

ብርጊት ቆጣቢ ነበረች። በየወሩ መጨረሻ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ የሚቀጥለውን ወር ገንዘብ በፖስታ በፖስታ ትከፋፍላለች። በላያቸው የተጻፈው አማርኛ የአስቻለች እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቤት፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የመኖሪያ ፈቃድ። ጠቅላላው ስልሳ ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አታልፍም። ገበያ ላይ ለአምስት ብር ስትከራከር ሰው ሁሉ «አቤት ጨዋታ ስታውቅ!» እያለ ይስቅላታል። አስቻለች ለአምስት ብር ስትከራከር ግን «ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቋጣሪ ሆኑሳ» ትባላለች።

ጥቅምት ሲያልቅ ብርጊት እንደ ልማዷ ጠራቻት። «አስቻለች፣ ነይ፣ እንቁጠር። ያንቺንም ደብተር አምጪ።»

አስቻለች ደብተሯን ይዛ መጣች። ብርጊት ፖስታዎቿን ደረደረች። በመጨረሻ ጽሑፍ የሌለበት አዲስ ፖስታ አወጣችና ብዕሩን ሰጠቻት።

«እዚህ ላይ ደስታ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ደስታ በፖስታ ይቀመጣል እንዴ?»

«ካልተቀመጠ ሌላው ይበላዋል» አለች ብርጊት፤ ብሩን ቆጥራ ከተተች። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ። «በዚህ ወር በበቅሎ ይምርሐነ ክርስቶስ እሄዳለሁ። አንድ መጽሐፍም አስመጣለሁ።»

አስቻለች ጻፈች። እጇ ግን ፊደሉን አጣመመው። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ማለት ከእሷ የወር ኑሮ በሠላሳ ብር ይበልጣል። እሷ ኪራይ የምትከፍልበት፣ የምትበላበት፣ የእድር የምትከፍልበት፣ ሙጃ ላለው ወንድሟ ለኪዳን የምትልክበት ገንዘብ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ይህች ሴት በበቅሎ የምትንሸራሸርበት ሆነ። ሁለቱም እኮ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሕፃን በመቀበል ነው። ጀርመን አገር የሚወለድ ልጅ ሁለት ራስ አለው ወይ?

ይባስ ብላ ብርጊት የአስቻለችን ደብተር ወደ ራሷ ሳበችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ያንቺስ የት አለ?»

«የኔ ምኑ?»

«ደስታ። እዚህ ላይ የለም።»

«የኔን እግዜር ይሰጠኛል» አለች አስቻለች፤ ደብተሯን ነጠቀች በሚያሰኝ አኳኋን ወስዳ ተነሣች።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሻውን ግቢው በር ላይ አገኘችው። የሻው ድሮ አስጎብኚ ነበረ። ደህና ገንዘብ ሲይዝ ከባንክ ተበድሮ የእንግዳ ማረፊያ ጀመረ፤ መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ዐሥር ክፍል ያለ መስኮት ቆሞ ይታያል፤ የባንኩ ወለድ ግን አልቆመም። ሦስቱንም ልጆቹን ያዋለደችለት አስቻለች ስለሆነች እሷን ሲያይ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ይነሣል። አሁንም ተነሣ።

«እንደምን ዋሉ ሲስተር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ተከዝህ?»

«ገና እየደረሰ አይደል? ይቺን ፊት ለፊት ያለችውን ቤት ለገና ሰሞን ብቻ ባከራያት የስንት ወሩን ባገኘሁ። ግን ሴትዮዋን ምን ብዬ ውጪ ልበላት? አገሯ ኑሮ ከብዷት የመጣች ምስኪን ናት ይላሉ።»

«ምስኪን?» አስቻለች ሳቀች። እዚያ ላይ ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነበር። «ለመንሸራሸሪያ ብቻ የመደበችው የኔን ጡረታ ያህላል። በየወሩ ስልሳ ሺህ ብር ታቅፋ ትቀመጣለች። ከተማው የሚያዝንላት ለምኗ እንደሆነ እንጃ።»

«ስልሳ ሺህ?»

«በዓይኔ ሲቆጠር አይቻለሁ። እጥፉን ብትጠይቃትም አትሞትም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ማር ጣፈጣት። ኋላ ላይ ነገሩን ስታስበው ከሁሉ አብልጦ ያሳፈራት ያ ጣዕሙ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የሻው ብርጊትን በትሕትና አነጋግሮ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ኪራዩ ሃያ ሁለት ሺህ መሆኑን ነገራት። ካልተስማማት ከገና በፊት ትለቃለች።

ብርጊት የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አስቻለች ክፍል መጣች። በጓሮ በኩል ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ በረንዳዋ የምትጠራው እሷ ነበረች። ጠባቧን አልጋ፣ ከጣሪያው ሥር የተወጠረውን የማዳበሪያ ጆንያ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተሯን ይዛለች። የሚለወጠውን ቁጥር ሁሉ በቀይ አስምራበታለች።

«የመድኃኒቱን ብቀንስ የደም ግፊቴ አለ። ፈቃዱን ካልከፈልኩ ያስወጡኛል። ደስታን አጠፋሁት» አለች፤ ስትል እንባም ቁጣም አልነበራትም። «ያም ሆኖ ስምንት ሺህ ይጎድላል።»

«ሌላ ገንዘብ የለሽም?» አለች አስቻለች። «እዚያ፣ አገርሽ?»

«እናቴ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ናት። ጡረታዬ ሲገባ መጀመሪያ የእሷ ይቆረጣል፤ የሚበዛው ይሄዳል። ስልሳ ሺው ለኔ የሚተርፈኝ ነው።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«አልጠየቅሽኝም።» ብርጊት ደብተሩን ዘጋች። «ቤቴን ለቅቄያለሁ፣ ዕቃዬን ሸጫለሁ። ልመለስ ብል ወዴት እመለሳለሁ? አስቻለች፣ የሻው አንቺን ያከብራል። አንቺ ስትመጪ ይነሣል፤ አይቻለሁ። ሽማግሌ ሁኚልኝ።»

አስቻለች እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች? ብርጊት ስትወጣ ግን እግሯ ወደ የሻው አልሄደም፤ ወደ ኸዲጃ ሱቅ ወሰዳት። እዚያ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናዘዘች። ኸዲጃ ሚዛኗን እየወለወለች ሰማቻት።

«አስተግፊሩላህ» አለች ሲያልቅ። «እኔ ያን ቀን ገበያ ላይ አውቄብሻለሁ። ትበርዳለች ብዬ ተውኩት።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ሰውየውን ለምኝው። እሺ አለም አላለም፣ ለሴትዮዋ ራስሽ ንገሪያት። ከሌላ አፍ ከሰማችው እኮ አንቺን ብቻ አይደለም፣ ሁላችንንም ነው የምትጠላን።»

የሻው እንደ ልማዱ ተነሥቶ ተቀበላት። ወንበር አቀረበላት። ልመናዋን አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ሲስተር፣ የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው የሻው።»

«ስልሳ ሺው የለም?»

«አለ፤ ግን አሳብ አለባት። እናቷን ትጦራለች።»

«እኔም እናቴን እጦራለሁ» አለ የሻው። መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «የኪራይ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የርስዎንም ክፍል… ከጥር ጀምሮ ሦስት ሺህ ላደርገው ነው። ልነግርዎ አፍሬ ነው የቆየሁት።»

«የሻው! ልጆችህን በእነዚህ እጆቼ…»

«ባንኩ ልጆቼን ማን እንዳዋለዳቸው አይጠይቀኝም፣ ሲስተር። ይቅር ይበሉኝ።»

ጨዋነቱ ነው የገደላት። ቢሰድባት ስድቡን ይዛ ትወጣ ነበር።

ብርጊት በረንዳዋ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር። አስቻለች ደረጃው ሥር ቆመች፤ አልወጣችም።

«እምቢ አለ» አለች። «ደግሞም… ስለ ገንዘብሽ የነገርኩት እኔ ነኝ። እጥፉን ጠይቃት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ብርጊት አማርኛው ያልገባት መስሏት ጆሮዋን ወደፊት አዘነበለች። «አንቺ? ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

የብርጊት ፊት ግራ ተጋባ። «ቀናሽ? እሱ ጥሩ ነው፣ አይደለም? ገበያ ላይ ሁልጊዜ ይቅናሽ ይሉኛል።»

አስቻለች እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሙሉ ብዙ ነገር ለብዙ ሰው አስረድታለች፤ ይህን ቃል ለማስረዳት ግን አፏ ተሳሰረ። «ያኛው ሌላ ነው። ያኛው ምርቃት ነው። ይሄኛው… ያለሽ ነገር ለኔ ይሁን ማለት ነው። ለኔ ካልሆነ ደግሞ ላንቺም አይሁን ማለት ነው።»

የጎረቤት ዶሮዎች ደረጃው ሥር እየጫሩ አለፉ።

«ምኔ ነው ያስቀናሽ?»

«ሁሉ ነገርሽ» አለች አስቻለች፤ አንዴ ከተከፈተ አይቀር ፈሰሰ። «ልብስሽን ሰው ማጠቡ። እንቁላሉ። ደስታ ብለሽ ጽፈሽ ማንንም ሳትፈሪ መብላትሽ። ሲስተር ሲሉሽ፤ እሱ ስም የኔ ነው፣ ብርጊት፣ የኔ ነበር! ደግሞ ማንም ላኪልኝ ብሎ አይጠራሽም። እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ኪዳን ዛሬ ስንት ሊለኝ ነው እላለሁ።»

«ልክ ነሽ» አለች ብርጊት ቀስ ብላ። «እኔን ማንም አይጠራኝም።»

ይህን ብላ ገባችና በሩን ዘጋች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ባልዲዋን አንሥታ ትሄዳለች። የብርጊት ዕቃ በካርቶን ሲታሸግ አስቻለች ከጓሮ ትሰማለች። ያኔ እንኳ፣ ልቧ በጸጸት እየተበላ፣ «ካርቶኑ ሁሉ ምን ሞላው? የኔ ዕቃ በአንድ ጆንያ አያልቅም?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ይቺ ሐሳብ ስትመጣ ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል፤ ሐሳቢቱ ግን ሰው አትፈራም፤ ሲያሻት ትመጣለች።

የገላገለቻቸው ኸዲጃ ናት። ከሱቋ ጀርባ፣ የባሏ ቤተሰቦች ከጋሸና ሲመጡ የሚያርፉበት ሁለት ክፍል ነበረ፤ በሩ ለየብቻ፣ ማድ ቤቱ የጋራ። ሁለቱንም ጠርታ ሱቋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ዐሥር ሺህ ነው» አለች። «ስምንቱን አንቺ ብርቅነሽ፣ ሁለቱን አንቺ። ወላሂ ከዚህ አልወርድም፤ ከዚህም አላወጣውም። ብቻችሁን ብትፈልጉ አንዳችሁም ቤት አታገኙም፤ ለገና አገር ምድሩ ተይዟል። ተኳርፋችሁም ቢሆን ግቡ። ኩርፊያ ኪራይ አይጨምርም።»

ብርጊት ወደ አስቻለች ሳትዞር ተናገረች። «ደብተሬን አታዪም።»

«አላይም።»

«ስለ ገንዘቤ ለሰው አትናገሪም።»

«አልናገርም።»

«እኔም ያንቺን ደብተር አልከፍትም» አለች ብርጊት። በጥቅምት መጨረሻ ደብተሯን ስባ ያነበበችበትን ነገር እሷም ስትጸጸትበት እንደቆየች አስቻለች ያን ጊዜ ገባት።

ከገና አንድ ሳምንት በፊት ተዛወሩ። ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ተሳላሚ መንገዱን ሞልቶት፣ የብርጊት ፍራሽ የተጫነባት ባጃጅ አላልፍ ብላ፣ ሁለቱ አሮጊቶች ፍራሹን በአንድ በአንድ ጫፍ ይዘው በሕዝቡ መሃል አለፉ። «እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ?» ብሎ አንድ መነኩሴ ቢጠይቃቸው፣ አስቻለች «ከዚህ ከላይ» አለች፤ ብርጊት ግን አልሳቀችም።

አዲሱ ቤት ውስጥ የአስቻለች ክፍል የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ የብርጊት አያገኝም። አስቻለች ይህን ባወቀች ቀን ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ወንበሯን ወደ ውጭ አወጣችና ሌላ ወንበር ከጎኑ አስቀመጠች። ብርጊት በመጀመሪያው ቀን አልመጣችም፤ በሁለተኛውም አልመጣችም። በአራተኛው ቀን መጽሐፏን ይዛ መጥታ ተቀመጠች። አልተነጋገሩም፤ ፀሐዩን ግን አብረው ሞቁት። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ወሬው ተመለሰ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ብርጊት የሆነ ነገር ስትናገር አንዳንዴ መሃል ላይ ታቆማለች፤ አስቻለችም ለምን እንዳቆመች ታውቃለች።

በየካቲት አንድ ጠዋት የብርጊት ስልክ ጮኸ። አስቻለች ማድ ቤት ሆና ሰማችው፤ አጭር ንግግር ነበር። ብትገባ ብርጊት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ዘርግታ እየደመረች አገኘቻት።

«እናቴ ዛሬ ሞተች» አለች ቀና ሳትል። «ቀብሯ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ የአራት ወር ኑሮዬ ነው። ምግቡን ባጠፋ፣ መድኃኒቱን ባጠፋ…» ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «አይደርስም።»

አስቻለች ደብተሩን እንደማታይ ቃል ገብታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በእጇ ዳብሳ ከደነችው።

«እዚሁ እናለቅስላታለን።»

«ማንም አያውቃትም እኮ።»

«አንቺን ያውቁሻል። ስሟን ንገሪኝ።»

«ሂልደ።»

አስቻለች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። ለእድሩ ዳኛ ነገረች፤ ከሰዓት በፊት ድንኳኑ በኸዲጃ ደጅ ተተከለ። ኪዳን በስልክ ሰምቶ ከሙጃ ግማሽ ጆንያ ባቄላ ይዞ ደረሰ። ኸዲጃ ሱቋን ዘግታ ሴቶቿን ሰብስባ መጣች። የሻውም መጣ፤ ድንኳኑ በር ላይ ትንሽ አመነታና ገብቶ ከወንዶቹ ጋር መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። የቢልባላዋ ሴት መንታ ልጆቿን ይዛ መጣች። አልቃሿ «ማን ብዬ ላልቅስ?» ብላ ጠይቃ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ ድምጿን አነሣች፦

ባሕር የሚያሻግር አንድ ሰው ሳይኖርሽ፣
ላስታ ድረስ መጣ ብቻውን ሞትሽ።

ብርጊት ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ባይገባትም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አስቻለች አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛት ነበር። ዓይኗ ግን በድንኳኑ ውስጥ ይዞራል፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰባ አምስት ሰው… ሌላም ይመጣል። የእሷ እናት ሙጃ ላይ ስትሞት ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ከዘመድ በቀር የመጣ አልነበረም። አርባ ሰው አይሞላም። አርባ! ይህቺ ግን ላስታን በካርታ እንኳ አይታው የማታውቅ አሮጊት…

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ብርጊት በለሆሳስ። «እጄን አጥብቀሽ ያዝሽ።»

አስቻለች መዋሸት ትችል ነበር። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። «ለናትሽ የመጣው ሰው ለኔ እናት ከመጣው በዛ። እሱን እየቆጠርኩ ነው።»

ብርጊት ዞር ብላ አየቻት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እንባዋ ግን መውረዱን አላቆመም። ሴቶቹ ሐዘኑ የጠናባት መስሏቸው «ወይኔ ልጄ!» እያሉ አብረው ተንሰቀሰቁ። አስቻለችም ሳቋን ለመዋጥ ብድግ አለች፤ የንፍሮውን ትሪ አነሣችና አዲስ ወደ መጡት ሰዎች ሄደች። ከበሩ ላይ ስድስት ሰዎች ደግሞ ጫማቸውን እያራገፉ ነበር።